ያልዞረው ተረከዝ

«ተረከዝህን አስቀድም» አለችው ሰልሳቢል። «ከዚያ የእግርህን ዳር፣ በመጨረሻ አውራ ጣትህን። አትቸኩል፤ ማንም አያባርርህም።»

ሙነወር ተረከዙን አስቀደመ። በአንድ እጁ ግድግዳውን እየተደገፈ ከወጣት ማዕከሉ ዕቃ ቤት አንዱ ጥግ ወደ ሌላው ተራመደ። ጠቅላላው ስምንት እርምጃ ነው። አምስተኛው ላይ ግራ ጉልበቱ እንደ ወትሮው ከዳው፤ ክብደቱን በሙሉ ሳያሳርፍበት ቀኝ እግሩ ተቻኩሎ ደረሰ። ማነከስ ሌላ ምንም አይደለም፤ የታመመው እግር ላይ ከሚቆዩበት ጊዜ መስረቅ ነው። ሰልሳቢል ይህን በስፖርት ሳይንስ ክፍል አራት ዓመት ተምራዋለች። ስንት እንደተሰረቀ በዓይኗ ብቻ መገመት ትችላለች። የዛሬው ካለፈው ሳምንት ያነሰ ነበርና መደሰት ነበረባት። አልተደሰተችም። እያንዳንዷ እርምጃ ጣቷን የምትቀስርባት ይመስላታል።

«እንዴት ነኝ፣ ፕሮፌሰሯ?»

«ደህና ነህ» አለችና ስልኳን አየች። ስልኳ ላይ ምንም አልነበረም።

በሩ ክፍት ነው። የቴኳንዶ አስተማሪው ማስተር ይሄይስ ደጁ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሁለቱን ለብቻቸው እንዳልተዋቸው አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያይለት ነው። ሙነወር አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። እሷ ተንበርክካ ጉልበቱን ከግራም ከቀኝም ጫን ጫን አደረገችው፤ እብጠቱ መቀነሱን በእጇ አረጋገጠች። ፊቷ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ሙነወር ዓይኗን ፈልጎ አጣው። አንድ ቀልድ ጀመረ፤ አልሳቀችም። ካልሲህን አድርግ፣ ይበርዳል አለችው። ካልሲውን አደረገ።

ስትወጣ ምን እንዳሰበ ታውቅ ነበር። ተሳስቶ እንዳሰበም ታውቅ ነበር። ተመልሳ አላረመችውም፤ ማረም ማለት እውነቱን መናገር ነውና።

*

ሰልሳቢል የሐጂ ዘከሪያ ልጅ ናት። ሐጂ ዘከሪያ ከወሎ መጥተው ዱባይ ተራ ጫማ በጅምላ ማከፋፈል ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሙነወር ደግሞ ካርቶናቸውን ከአይሱዙ አውርዶ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣ ተሸካሚ ነበር።

የተዋወቁት ለመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ርዕሷ የተሸካሚዎች አረማመድ ነበር። ሸክም የሌለበት ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ትንሽ ይወድቃል፤ ወድቆ ሳይጨርስ ሌላኛው እግሩ ይደርስለታል። ተሸካሚ ያንን ውድቀት ለራሱ አይፈቅድም። ጉልበቱን ቀጥ አያደርግም፤ እርምጃው አጭርና ፈጣን ነው፤ ውስጥ እግሩን እንዳለ መሬት ላይ ያሳርፋል፤ ጭንቅላቱ ከፍ ዝቅ አይልም። ይህን በስልኳ ለመቅረጽ ከሱቁ ቢጫ የዋጋ ተለጣፊ አምጥታ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለጠፈችበት። ጓደኞቹ መቼ ሊያሳልፉት። «ሙኔ፣ ዋጋህ ወጣ እንዴ? ቅናሽ አለው?» ብለው ተሳለቁ። እሱ ሃምሳ ኪሎ ጀርባው ላይ እንዳለ፣ ሳይዞር፣ «በችርቻሮ አልሸጥም» አለ። ሰልሳቢል ስትስቅ ስልኩ ተንቀጠቀጠና ቀረጻው ተበላሸ። በማግስቱ ደገመችው። በሦስተኛው ቀን ቀረጻው ደህና ነበር፤ እሷ ግን አሁንም ደገመችው።

ከሥራ በኋላ ቴኳንዶ እንደሚሠራ ሲነግራት ሄዳ አየችው። በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ከራሱ ቁመት በላይ ሲመታ ያ ጎንበስ ያለ ሰውዬ የት እንደገባ ጠፋት። እሷም የምታውቀውን ነገረችው። ምት ከእግር አይጀምርም፤ ከመሬት ነው የሚጀምረው። የቆመው እግር መሬቱን ይገፋል፣ መሬቱም መልሶ ይገፋዋል፤ ያ ግፊት በዳሌ ዞሮ፣ በጭን አልፎ፣ እንደ ጅራፍ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይጮኻል። ለዚህ ደግሞ የቆመው እግር ተረከዝ አብሮ መዞር አለበት። ዳሌ ዞሮ እግር ከቀረ መሃል ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል። ይህን በራሷ አፍ፣ እጇን እያወናጨፈች አስረድታዋለች። እሱ የሚያየው እጇን አልነበረም፤ እሷም ይህን አይታ እንዳላየች ሆነች።

ጥቁር ቀበቶ ካገኘ ማስተር ይሄይስ ረዳት አስተማሪ ሊያደርገው ቃል ገብቶለት ነበር። ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። ሰልሳቢልም የፈተናው ዕለት አባቷን የክብር እንግዳ አስደረገቻቸው። ሙነወርን ከካርቶን ሥር ሳይሆን በነጭ ዩኒፎርም እንዲያዩት ነበር ሐሳቧ። አንድ ቀን ሲቀረው ግን እግሩን አየች። ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ በአባቷ ዓይን ያየችው ግን ያን ቀን ነው። የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ የተንሰራፋ ጣት፣ ዕቃ ወድቆበት የጠቆረ ጥፍር። የተሸካሚ እግር። ከአባቷ መደርደሪያ ነጭ የስፖርት ጫማ መርጣ ሰጠችው። ሶሉ አዲስ ጎማ ነው። አዲስ ጎማ ወለሉን ጨምድዶ እንደሚይዝ፣ እግርን እንደማያዞር ታውቃለች፤ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ መጥቶላት ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች።

ማስተር ይሄይስ ሙነወርን ተጫምቶ ሲያየው «አውልቀው» አለ። ሙነወር ቀና ብሎ እሷ ወዳለችበት ተመለከተ። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ሰልሳቢል ራሷን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘች፤ በጣም ትንሽ፣ ከእሱ በቀር ማንም እንዳያየው አድርጋ። አላወለቀም። ሦስተኛው ምት ላይ ዳሌው ዞረ፤ ተረከዙ ባለበት ቀረ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ጣት ሲያንቋቁ እንደሚሰማው ያለ።

ሐኪም የጉልበቱ ውስጥ ጅማት በከፊል እንደተቀደደ ተናገረ። ሙነወር ለጠየቀው ሁሉ «ዘግይቼ ዞሬ ነው፤ ጥፋቱ የራሴ ነው» ይላል። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን ስትሰማ አንድም ቀን «አይደለም» ብላ አታውቅም። ይልቅ በነጻ እያከመችው ነው። ሰፈሩ «የሐጂ ልጅ እንዴት ያለች ደግ ናት» ይላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚከነክናት ይህ ነው።

*

ሰኞ ረፋድ ላይ ምስራ ሱቅ መጣች። ምስራ የሙነወር እህት ናት፤ ዱባይ ተራ ኮሪደር ላይ ካልሲ ትሸጣለች፤ ምላሷ ከካልሲዋ በላይ የታወቀ ነው። የታጠፈ ወረቀት ካልሲ ውስጥ ሸጉጣ ለሰልሳቢል ሰጠቻት። ሐጂ ሲያዩ «ያንቺ ቁጥር ነው» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንብቢውና ወንድሜን ተይው። አንዴ እየመጡ አንዴ ፊት ማዞር የፍቅር አይደለም፣ የሱቅ ደንበኛ ነው» አለቻት።

ሰልሳቢል ከካርቶኖቹ ጀርባ ገብታ አነበበችው።

«ለሰልሳቢል፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስትነኪኝ ፊትሽን እንደምታዞሪ ካየሁ ቆየሁ። መጀመሪያ ዓይነ አፋርነት መስሎኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል። የሚያነክስ ሰው ማየት ይከብዳል፣ አልፈርድብሽም። ከሶማሌ ተራ ለኢምራን ሽማግሌ እንደተላከብሽ ሰምቻለሁ። ኢምራን ጥሩ ልጅ ነው፤ ሁለት እግርም አለው። እኔ በርበሬ በረንዳ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። ከእንግዲህ ማዕከሉ ጋ አልመጣም። አንቺ እንዳትሳቀቂ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዘግይቼ ዞርኩ። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ሙነወር።»

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ነጻ ለቋታል። ዝም ካለች ነገሩ በዚያው ይቀራል፤ እሱም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ዘግይቶ የዞረ ሰው ሆኖ ይኖራል፤ እሷም ደግ ሆና ትኖራለች። ትንፋሿን ሁለት ጊዜ በረጅሙ ሳበች። ከዚያ የተሰማት ነገር ምን እንደሆነ ልብ አለችው፤ ራሷን ጠላች። ወረቀቱን አጥፋ ካልሲው ውስጥ መለሰችው። አባቷ ከውጭ ሲጠሯት ካልሲውን ይዛ ወጣች።

*

በማግስቱ በርበሬ በረንዳ ገባች። ገና ከመግቢያው ማስነጠስ ጀመራት። ሙነወር ከስድስት ሴቶች መሃል ጆንያ ላይ ተቀምጦ የበርበሬ ጭራ ይቀነጥሳል። ግራ እግሩ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ነጠላ ጫማ አድርጓል። ጥቁር ቀበቶ ሊያስር የነበረ ሰው አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ እንደዚያ ተቀምጦ ስታየው መመለስ ፈለገች።

አንጋፋዋ ቀንጣሽ እትዬ በለጥሻቸው ቀድመው አዩዋት። «እመቤት፣ ዛላ ነው የተፈጨ?»

«ሰው ፈልጌ ነው፣ እትዬ።»

«እሱን ከሆነ ውሰጂልን። እግሩን እንጂ እጁን ያስተማረው የለም፤ እስካሁን አንድ ቁና አልሞላም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙነወርም ፈገግ አለ፤ ቀና ግን አላለም። ደብዳቤው አልደረሰሽም ወይ ብሎ በርበሬውን ጠየቀው። ደርሶኛል አለችና ፊት ለፊቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ከየት እንደሚጀምር ጠፋት።

«ዘግይተህ አልዞርክም» አለችው። «ተረከዝህ ያልዞረው ጫማው ስለያዘው ነው። አዲስ ጎማ እንደሚይዝ ስሰጥህ አውቅ ነበር። ማስተር አውልቅ ሲልህም አውቅ ነበር። አሥራ አንድ ሳምንት ጥፋቱ የኔ ነው ስትል ዝም ብዬ ሰማሁህ።»

የሙነወር እጅ ቆመ። ሻሹን ከአፍንጫው ላይ አወረደና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ። ሰልሳቢል ሊቆጣ ነው ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። እሱ ግን ፊቱ ፈታ አለ።

«ፊትሽን የምታዞሪው ለዚህ ነው?» አላት። «እኔ እኮ ያስጠላሁሽ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ነገር ተናገረ። ጫማውን ያጠለቀው በገዛ እጁ እንደሆነ፣ ማስተር ይሄይስም እንዳስጠነቀቀው፣ ያላወለቀው የእሷ ስጦታ ስለሆነ ብቻ እንደሆነ፣ ሰጪን መውቀስ ደግሞ ነውር እንደሆነ ነገራት። ደስታው በግልጽ ይታይ ነበር። ሴቶቹ መቀንጠሱን ትተው ያዳምጣሉ። እትዬ በለጥሻቸው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሴቶቹ ሲያዩባቸው በርበሬው ነው አሉ።

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ይቅር ተብላለች፤ እሱ ስቋል፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ይቅር የተባለላት ግማሹ ነው፤ ያም ቀላሉ ግማሽ።

«ለምን እንደሰጠሁህ አልጠየቅከኝም።»

«ስጦታ ለምን ተሰጠ ይባላል?»

«እግርህን አባቴ እንዳያዩት ነው» አለችው። ፈጠን አድርጋ ቀጠለች። «አፈርኩበት። ማስተር አውልቅ ሲልህ እኔ አባቴ የት እያዩ እንደሆነ ነበር የማየው። ልትጎዳ እንደምትችል አስቤዋለሁ። አስቤ፣ አንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ፣ እግርህ ከሚታይ ጉልበትህ ቢጎዳ ይሻላል ብዬ መረጥኩ። ስለዚህ ምንም አላደረግሽም ብለህ አትጻፍልኝ፣ ሙኔ። የምትጽፈው ሁሉ ያቃጥለኛል።»

የሙነወር ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። ባለቤቱ የረሳው ነገር ሆኖ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። ወደ እግሩ ተመለከተ። አንዷ ሴት ጎረቤቷን በክርኗ ስትነካ እትዬ በለጥሻቸው ዞር ብለው ገሠጿት። «ቀንጥሺ አንቺ፤ በርበሬ በጆሮ አይቀነጠስም።»

«ተለጣፊ ስትለጥፊበት አላፈርሽም ነበር» አለ ሙነወር በመጨረሻ።

«ያኔ ለጽሑፌ ነበር። የማንም እግር አልነበረም። ያንተ ሲሆን ነው ያፈርኩት።»

መልሷ ነገሩን እንዳባሰው ተናግራ ስትጨርስ ገባት። ሙነወር አንድ በርበሬ አንስቶ ጭራውን ቀነጠሰ፤ ሌላም አነሳ።

«የአባትሽን ዕቃ አምስት ዓመት ሦስተኛ ፎቅ ያወጣው ይሄ እግር ነው» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ እሷ ቁጣ ቢኖር ትመርጥ ነበር። «ጉልበቱን ይቅር ብዬሻለሁ፣ ወላሂ። እግሩን ግን አልቻልኩም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ሰልሳቢል አንገቷን ደፋች። ይገባኛል ልትል ነበር፤ ቃሉ ርካሽ ሆነባት። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ከኋላ ጠራት። ልምምዱ ስንት ሳምንት እንደቀረው ጠየቃት። አምስት አለችው።

«እንግዲያው ነገ እመጣለሁ። ዕቃ ቤት ውስጥ ግን አይደለም። ዱባይ ተራ፣ ሱቃችሁ ደጃፍ፣ ኮሪደሩ ላይ። በባዶ እግሬ።»

በዓይነ ሕሊናዋ የመጣው የአባቷ ወንበር ነበር፤ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረው ወንበር። ከዚያ የግራና ቀኙ ነጋዴ፣ ከዚያ የኢምራን ሽማግሌዎች። ትከሻዋ ሲሸማቀቅ ተሰማት። እሱም አየው።

«አየሽ» አላት በቀስታ። «አሁንም።»

«ሁለት ሰዓት ና» አለችው። «ገና ሳይጨናነቅ።» ምን እንዳለች የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቷ ጋለ። «አይ። አራት ሰዓት ና። ሲጨናነቅ ና።»

እሱ ወደ በርበሬው ተመለሰ። ስትወጣ ዓይኗ ያነባ ነበር፤ ማንም ዞሮ አላያትም፤ በርበሬ በረንዳ የሚያነባ ሰው ብርቅ አይደለም።

*

አራት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ሰው ለሰው አያሳልፍም ነበር። ሙነወር መጣ። እህቱ ምስራ ካልሲዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት፤ ሰልሳቢልን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ለካቻትና ምንም አላለችም፤ ምስራ ምንም ሳትል ስትቀር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ነጠላ ጫማውን አውልቆ ግድግዳው ሥር አቆመው። ከሱቁ ደጃፍ ያለ ካርቶን ላይ ተቀመጠና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

ሰልሳቢል ከአባቷ ወንበር በስተጀርባ ቆማ ታየዋለች። እግሯ አልንቀሳቀስ አላት። ሰው ከቆመበት ለመነሳት መጀመሪያ ሰውነቱን ወደ ፊት መጣል አለበት፤ ሳይወድቅ የሚራመድ የለም። ይህን ሌላውን ስታስተምር ኖራለች። የአባቷን ወንበር አልፋ ወጣች።

ካርቶኑ ፊት ተንበረከከች። ሁለት ገዢዎች ቆሙ። ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ ሒሳቡን አቋርጦ አንገቱን አሰገገ። ቀኝ መዳፏን ከግራ ተረከዙ ሥር አስገባች። ቆዳው ሸካራና ቀዝቃዛ ነበር። አሥራ አንድ ሳምንት በካልሲ ላይ ብቻ ነው የያዘችው።

«ሰልሳቢል» አሉ ሐጂ ዘከሪያ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ከፍ ማለት አላስፈለገውም።

«አቤት አባዬ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ዞራ አየቻቸው። ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል፤ ጢማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ይህን የሚያደርጉት ሲደነግጡ ብቻ ነው። እጇ ሊሸሽ ፈለገ። ፍርሃቷ ትላንት የነበረው ያው ፍርሃት ነው፤ አንዲት ነገር አልቀነሰም፤ ጀግንነት የሚባለው አልመጣላትም።

«እግሩን እያከምኩ ነው፣ አባዬ» አለች። «የጎዳሁት እኔ ነኝ። ከእርስዎ ልደብቀው ብዬ ነው የጎዳሁት።»

ሰልሳቢል ወደ እግሩ ተመለሰች፤ መዳፏ ከተረከዙ ሥር ነው፤ ዓይኗ ግን አሁን ሌላ ቦታ አልሄደም። ቀና ብላ ሙነወርን አየችው። አልሳቀም፤ አልቀለደም፤ ፕሮፌሰሯም አላላትም። ጡንቻው እንደተወጠረ ነው፤ እግሩን በራሱ ጉልበት አንጠልጥሎ፣ እጇን ሳይጫን ይዞታል። የሰው እግር ባለቤቱ ካልለቀቀው ክብደቱ አይታወቅም።

ከኋላዋ የአባቷ ጫማ አንድ እርምጃ ሲቀርብ ሰማች።

ያን ጊዜ ጭኑ ላይ ያለው ውጥረት ሲላላ አየች፤ ቀስ እያለ፣ ከላይ ወደ ታች። የእግሩ ክብደት ትንሽ በትንሽ መዳፏ ላይ ወረደ፣ በመጨረሻም በሙሉ አረፈባት። ይቅርታ ይሁን ድካም አላወቀችም። ከበዳት። ሁለተኛ እጇን ጨምራ ያዘችው።